የታማራ አያት ቦት ጫማ

ባለፈው እሑድ የጓደኛዬ የሙሉጌታ ልጅ እዚህ ሆሳዕና ያሠራችውን ቤት ልናስመርቅ ሄደን ነበር። ቤቱ ከመናኸሪያው ወደ ላይ ሲወጡ፣ ድሮ ባሕር ዛፍ ብቻ በነበረበት ዳገት ላይ ነው። በሩ ላይ ስንደርስ ልጅቷ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ፣ "ጋሼ ጴጥሮስ፣ ይቅርታ፣ ጫማ እዚህ ጋ ነው የምናወልቀው፤ ሴራሚኩ ገና አዲስ ስለሆነ" አለችኝ። እኔና ሙሉጌታ ተያየን። ሁለታችንም ከሰባ አልፈናል፤ ለማጎንበስ አንዳችን የአንዳችንን ትከሻ መያዝ አለብን። እሱ ቀድሞኝ ሳቀና፣ "ጴጥሮስ፣ ዛሬስ ካልሲህ ደህና ነው?" አለኝ። እኔም ሳቅሁ። ወዲያው ግን የሁለታችንም ሳቅ መሀል ላይ ቀረ። ልጅቷ ምን እንደሚያስቀን ጠየቀች፤ አባቷ "ኧረ ምንም፣ የድሮ ነገር ነው" ብሎ አለፋት። እኔ ግን ምሳው ቀርቦ፣ ምርቃቱ ተደርጎ፣ ሰዉ ሲጫወት ሁሉ ፊቴ ሲግል ይሰማኝ ነበር። አንዳንድ እፍረት እንደ ወባ ነው፤ ድኛለሁ ስትል ወቅቱን ጠብቆ ይነሳብሃል።

ከሙሉጌታ ጋር ሁለተኛ ደረጃን ሆሳዕና አብረን ነው የተማርነው። አባቱ ከሰሜን የመጡ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነበሩ፤ ኮፍያቸውን ሳያደርጉ ከቤት አይወጡም። የእኔ አባት አንጋጫ ውስጥ ገበሬም፣ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን አስተማሪም ነበር። እቤት የምንናገረው ከምባትኛ ነው፤ አማርኛን ያገኘሁት ጥቁር ሰሌዳ ላይ ነው። ቃሉ አይጠፋኝም፤ ወንዴና ሴቴው ግን ይደባለቅብኝ ነበር። ክፍል ውስጥ ተነስቼ መምህሩን "አንቺ" ያልኩ ቀን ልጆቹ ጠረጴዛ እየደበደቡ ሳቁ። ያን ቀን ከጎኔ የተቀመጠው ሙሉጌታ ብድግ ብሎ፣ "ጴጥሮስ ለማለት የፈለገው እንዲህ ነው" ብሎ መልሱን በእኔ ፈንታ ተናገረልኝ። ከዚያ ወዲህ እኔ ስደናቀፍ እሱ ቶሎ ብሎ መናገር ልማዱ ሆነ። ደግነት ነበር። ሳልጠይቀው ይደርስልኛል፤ እኔም ሳላመሰግነው እቀበላለሁ።

የውጭ አገር የትምህርት ዕድሉ ለሁለታችንም የደረሰን በአንድ ጊዜ ነው። ዓመቱን መጥራት አያስፈልግም፤ ካኪ የሚለበስበት፣ ሰው ሁሉ ጓድ የሚባባልበት ዘመን ነበር። ገበያው ዳር የነበረ ልብስ ሰፊ ቡናማ ሱፍ ሰፋልኝ፤ የሱሪው እግር ከመስፋቱ የተነሳ ስሄድ ነፋስ ይገባበታል። እናቴ ደግሞ ቡላ በጨርቅ ቋጥራ ሻንጣዬ ውስጥ ከተተችልኝ። "እዚያ እንሰት የለም ይላሉ፤ ሰው ታዲያ ምን በልቶ ያድራል?" ትል ነበር። ሙሉጌታ በአውቶቡሱ መስኮት አንገቱን አውጥቶ ለከተማው ሁሉ እጁን አወዛወዘ። እኔ ሻንጣዬን አቅፌ ተቀመጥኩ።

የሄድንበትን ከተማ በስሙ ባልጠራው ይሻላል፤ ስሙም አሁን ተለውጧል ይላሉ። አገሩን ራሺያ ነው የምንለው፣ ከተማውን የማውቀው በማዕዘኖቹ ነው። ከማደሪያችን ወጥተህ ወደ ግራ ስትታጠፍ የዳቦ ፋብሪካው አለ፤ ጠዋት ጥቁሩ ዳቦ ሲወጣ ሽታው ክፍላችን ድረስ ይመጣል። ማዕዘኑ ላይ ነጭ ሽርጥ የታጠቀች ሴትዮ በረዶ መሀል ቆማ አይስክሬም ትሸጣለች። በዚያ ብርድ ሰዉ ተሰልፎ ሲገዛ አይተን ሳቅን፤ በሁለተኛው ክረምት እኛም ተሰለፍን። በበጋ ደግሞ በጎማ ከሚጎተት ቢጫ በርሜል ጠላ ጠላ የሚል መጠጥ ይቀዳል፤ አንድ ብርጭቆ በትንሽ ሳንቲም። ብርጭቆው አንድ ነው፤ ካንተ በፊት የጠጣው ሰው ሲመልሰው አለቅልቀው ላንተ ይሰጡሃል። ትራሙ በሦስት ሳንቲም ከዳር እስከ ዳር ያደርስሃል። አሁን እዚህ በባጃጅ ገበያ ለመድረስ የምከፍለውን ሳስብ ያ ከተማ በነጻ የኖርኩበት ይመስለኛል።

በየፎቁ አንድ የጋራ ወጥ ቤት ነበረ። ቬትናሞቹ ዓሣ ሲጠብሱ እኛ አፍንጫችንን ይዘን እንሮጣለን፤ እኛ በርበሬ ስናቁላላ ፎቁ በሙሉ ያስላል። የእናቴን ቡላ ሳገነፋ ያየ አንድ ቬትናማዊ ልጅ፣ ግድግዳ ላይ ወረቀት ልለጥፍ እንደሆነ ጠየቀኝ። ቅዳሜ ሲሆን ምድር ቤት ዳንስ አለ። ቴፑ የኩባዎቹ ነው፣ ካሴቱ ግን የሁላችንም። ዓርብ ዕለት ሱሪያችንን ርጥበት ነካ አድርገን ፍራሽ ሥር እናስተኛዋለን፤ ቅዳሜ እንደ ቢላ የሰላ መስመር ይዞ ይነሳል። የሸሚዙ ኮሌታ ትከሻ ይደርሳል። ሙሉጌታ ጎፈሬውን በሹካ ማበጠሪያ እያነሳ መስታወቱን ለብቻው ይይዘዋል። ቋንቋውን ሁለታችንም ከፊደል ነው የጀመርነው፤ እዚያስ እኩል እንሆናለን ብዬ ነበር። እሱ ግን ስድስት ወር ሳይሞላው ሴቶቹን ማሳቅ ጀመረ። እኔ ሰዋስዉን አውቃለሁ፤ አፌ ላይ ሲደርስ ይቆምብኛል።

ታማራ የክፍሌ ልጅ ነበረች። ሁለታችንም የእርሻ ትምህርት ክፍል ነበርን። ቤተ ሙከራ ውስጥ አንድ ማይክሮስኮፕ ለሁለት ሲደርሰን ከእሷ ጋር ተመደብኩ። ስንተኛው ቀን እንደሆነ አላስታውስም፣ ቃል ፈልጌ ስንተባተብ ታማራ እንደ ሌሎቹ አልጨረሰችልኝም፤ አገጯን በእጇ ደግፋ ጠበቀችኝ። የፈለገውን ያህል ይቆይ፣ ቃሉ እስኪመጣ ትጠብቃለች። በሕይወቴ እንደዚያ የጠበቀኝ ሰው አልነበረም። ቅዳሜ ዳንስ ላይም እጄን ይዛ፣ "እግርህን አትይ፣ እኔን እይ" ትለኝ ነበር። አልተሳምንም፤ ምንም አልተባባልንም። ግን ከትምህርት በኋላ የትራሙን ፌርማታ አልፈን በእግር እንሄዳለን፤ የሚቀጥለውም ሲመጣ እናሳልፈዋለን።

ልደቱ ድንገት ነው የመጣው። ክረምቱ የበረታበት ወር ነበር። ከክፍል ስንወጣ ታማራ ኮቴን ያዝ አድርጋ፣ "ዛሬ የአያቴ ልደት ነው። ኢትዮጵያዊ አይተው አያውቁም፣ ማየት ይፈልጋሉ። ሙሉጌታንም ይዘህ ና" አለችኝ። ወደ ክፍሌ በረርኩ። ደህናውን ካልሲዬን ጠዋት አጥቤ መስኮት ላይ ሰቅዬው ነበር፤ ሳወርደው እንደ ቋንጣ ቀጥ ብሎ ደርቋል፣ በረዶ ሆኗል። የቀረኝ ከአገር ያመጣሁት ናይለን ብቻ ነው። የሁለቱም አውራ ጣት ወጥቶ ዓለምን ያያል፤ ተረከዝ የሚባል የላቸውም። "ጫማ ውስጥ ማን ያየዋል?" አልኩ። ሙሉጌታ ሳጠልቀው አይቶ፣ "ይሄ ካልሲ ሳይሆን ማሰሪያ ነው" ብሎ ሳቀብኝ። በመንገዳችን ላይ አበባ ገዛን፤ ሻጯ ቁጥሩ ጥንድ እንዳይሆን፣ ጥንድ አበባ ለሬሳ እንደሆነ አስጠነቀቀችን። "ሰማህ?" አለኝ ሙሉጌታ፤ "የሰው አገር ወግ ካላወቅህ ልደት ብለህ ሄደህ ታስቀብራለህ።"

በሩን የከፈቱልን የታማራ እናት ናቸው። ጉንጫችንን ስመው፣ አበባውን ተቀብለው፣ ከበሩ ሥር የተደረደረውን ነጠላ ጫማ አሳዩን። ያን ጊዜ ነው ነገሩ የገባኝ። በዚያ አገር ጫማ አድርጎ ቤት የሚገባ የለም። በማደሪያችንም እናወልቃለን፤ ግን ማደሪያ ማደሪያ ነው። ታማራ ኮሪደሩ ላይ ቆማ ፈገግ ብላ ታየኛለች። ጎንበስ አልኩ። ክሩን ያዝኩ። እጄ እምቢ አለኝ። ምንጣፉን አየሁ፣ ነጭ ካልሲ ያደረጉ የታማራን እግሮች አየሁ፣ ላቤ በጆሮዬ ሥር ወረደ። ቀና ስል ሙሉጌታ እያየኝ ነው። ከዚያ እንደ ልማዱ ቶሎ ብሎ ተናገረልኝ።

"ይቅርታ አድርጉልን" አለ በዚያ በተስተካከለ አነጋገሩ፤ "በእኛ አገር እንግዳ መጀመሪያ በገባበት ቤት፣ በተለይ ትልቅ ሰው ባለበት፣ እግሩን አይገልጥም። ነውር ነው።"

እናትየው እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። "ውይ! እኛ ምን አውቀን!" አሉ። ጨርቅ አምጥተው ጫማችን ላይ ያለውን በረዶ በገዛ እጃቸው ጠረጉልን፤ አሻፈረኝ ብንል አልሰሙንም። ከዚያ ራሳቸው ባለ ተረከዝ ጫማቸውን አደረጉ፣ ታማራንም አስደረጓት። "እንግዳ ጫማ አድርጎ እኛ ባዶ እግራችንን አንቀመጥም!" እያሉ። እኔ ይህም ያልፋል ብዬ ነበር። ከውስጠኛው ክፍል የሽማግሌ ድምፅ ምን እንደሆነ ጠየቀ፤ እናትየው ነገሯቸው። ሽማግሌው ቀጥለው፣ "ታዲያ እኔ በሱፍ ጫማ ልቀበላቸው ነው? ቦት ጫማዬን አውርዱልኝ!" አሉ።

ስቴፓን ይባላሉ። በጦርነቱ ጊዜ ብርድ የእግራቸውን ጣቶች እንደወሰደባቸው፣ ከዚያ ወዲህ ከለስላሳ የሱፍ ጫማ በቀር እግራቸው ምንም እንደማይችል ያወቅሁት ኋላ ነው። ያን ዕለት ያወቅሁት የሰማሁትን ያህል ነው። እናትና ልጅ በሩን ዘግተው ሲታገሉ፣ አልጋው ሲንቋቋ፣ ሽማግሌው "ሳቢ! አትፍሪ፣ ሳቢ!" ሲሉ። ሙሉጌታ በአማርኛ፣ "ምንድነው የሚያደርጉት?" አለኝ በሹክሹክታ። "እንጃ" አልኩት። ከዚያ በሩ ተከፈተ። ጥቁር፣ የሚያብለጨልጭ፣ እስከ ጉልበት የሚደርስ ቦት ጫማ አድርገው፣ ሜዳሊያቸውን ደረታቸው ላይ ደርድረው፣ የበሩን ጉበን ይዘው ቆሙ። ቀጥ ብለው፣ ግንባራቸው ወዝቶ፣ አንድ በአንድ እየረገጡ መጥተው ጨበጡን። "እንግዳን የሚያከብር ሕዝብ ነው ያሳደጋችሁ" አሉን።

ማዕዱ ሙሉ ነበር። ቀይ ሥር፣ ድንች፣ በእንስላል የተቀመመ ኪያር፣ ዶሮ። ሽማግሌው ጽዋቸውን ለአገራችን ወግ አነሱ። እኔ ጠረጴዛው ሥር አውራ ጣቴን አጠፍኩ፤ ጫማ ውስጥ እንኳ የሚያየኝ ሰው ያለ መሰለኝ። ከምግቡ በኋላ ታማራ የዘፈን ሸክላ አስቀመጠች፤ ሽማግሌው ልደታቸው ነውና አንድ ዙር ካልጨፈርኩ ብለው ከልጃቸው ጋር ተነሱ። ከንፈራቸውን ነክሰው ጨፈሩ። ሙሉጌታ እያጨበጨበ አጀባቸው፤ ፊቱ ግን ተለውጦ ነበር። ስንወጣ ታማራ እስከ ደረጃው ሸኘችን። "እንደ ዛሬ ደስ ብሏቸው አያውቅም" አለችኝ።

ሰኞ ቤተ ሙከራ ውስጥ እንደ ዘበት ነገረችኝ። እግራቸው አብጧል፤ ቆስሏል፤ ሐኪም መጥቶ አስሮላቸዋል። "ግን አትዘን፣ ኩራታቸው ነው" አለች። ጣቶቻቸው እንደሌሉም ያን ቀን ነው የነገረችኝ። ማይክሮስኮፑ ላይ ዓይኔን ተክዬ ቀረሁ፤ ያየሁት ነገር የለም። ማደሪያ እንደገባሁ ሙሉጌታን፣ "ሄደን እንንገራቸው" አልኩት።

"ምን ብለን? ካልሲህን በእንጨት ሰቅለን?"

"እውነቱን ብለን ነዋ።"

"ተው ጴጥሮስ። ደስ ብሏቸዋል፣ አልፏል። አሁን ብትነግራቸው የሚቆስለው እግራቸው ብቻ አይሆንም" አለኝ። ቀጥሎም ዓይኑን ሰብሮ፣ "ለአንተ ብዬ ነው የተናገርኩት" አለ። አውቃለሁ አልኩት። አውቅም ነበር፤ ስለዚህ ልቆጣው እንኳ አልቻልኩም።

ግን አላለፈም። እናትየው በየበዓሉ ይጠሩን ጀመር። እኔ ብሄድ ሽማግሌው ያንን ጫማ እንደሚያጠልቁ ስለማውቅ ሰበብ እፈጥራለሁ። አሞኛል፣ ፈተና አለብኝ፣ የአበሾች ስብሰባ አለ። ሙሉጌታም ቀረ። የአገራችን ልጆች ቅዳሜ ተሰብስበን በየተራ ወጥ ስንሠራ አንዱ፣ "ጴጥሮስ፣ ፈረንጇ ጣለችህ እንዴ?" ይለኛል፤ እሳቃለሁ። ታማራ መጀመሪያ አመነችኝ። ቆይታ መጠየቅ ተወች። አንድ ቀን ፌርማታው ላይ ትራሙ ሲመጣ እንደ ድሮው አላሳለፈችውም። እግሯን መወጣጫው ላይ አድርጋ፣ "ቤታችን ምን አደረገህ? በእኛ አፍረህ ነው?" አለችኝ። ቃሉን ስፈልግ ጠበቀችኝ፤ በሩ እስኪዘጋ ድረስ ጠበቀችኝ። አልመጣልኝም።

የመጨረሻው ዓመት ጸደይ ላይ፣ በረዶው ቀልጦ መንገዱ ጭቃ ሲሆን፣ አንድ እሑድ ከሰዓት ለሙሉጌታ ሳልነግረው ብቻዬን ሄድኩ። እናትየው በሩን ከፍተው ደነገጡ። ምንም ሳይሉኝ ጎንበስ ብዬ ጫማዬን አወለቅሁ። አዲስ የሱፍ ካልሲ አድርጌ ነበር። እናትየው እግሬን አዩ፣ ፊቴን አዩ፤ አልገባቸውም። ከውስጥ የሽማግሌው ድምፅ መጣ።

"ማነው?"

"ጴጥሮስ ነው አባባ።"

"ጴጥሮስ! ቆይ፣ እንዳይገባ! ጫማዬን አምጪልኝ!"

ሮጬ ገባሁ። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው እጃቸውን ወደ ቁም ሳጥኑ ዘርግተዋል። ፊታቸው ተንበርክኬ ሁለት ጉልበታቸውን ያዝኩ። "አያድርጉት፣ አያቴ። እንዲህ ያለ ወግ የለንም። ካልሲዬ ተቀዶ ነበር። አፍሬ ነው" አልኳቸው። በዚያ ቋንቋ ሳልንተባተብ የተናገርኩት እሱን ብቻ ይመስለኛል።

እግሬን አዩ። "ሁለቱም?" አሉኝ።

"ሁለቱም።"

የሚስቁ መሰለኝ፤ አልሳቁም። የሚቆጡም መሰለኝ። እጄን ከጉልበታቸው ላይ አንስተው ወደ መስኮቱ ዞሩ። ታች ግቢው ውስጥ ሽማግሌዎች የሚቀመጡበት አግዳሚ ወንበር ይታያል። "እዚያ ላሉት ሁሉ ነግሬያቸዋለሁ" አሉ። "የአፍሪካ ልጆች እንዲህ ያከብራሉ፣ የእኛዎቹ ግን አብሯቸው የተቀመጠውን ሽማግሌ አያዩም ብዬ። ጎረቤታችን ኒኮላይ ከዚያ ወዲህ ልጁ ሊጠይቀው ሲመጣ ጫማውን ያደርጋል። አሁን ምን ልበላቸው?"

 እስከዚያ ቀን እፍረቱ የእኔ ብቻ ነበር። ይቀለኛል ብዬ ይዤው ሄጄ ለእርሳቸው ሰጠኋቸው። እናትየው ሻይ ቀዱልኝ፤ ሳልጠጣው ቀዘቀዘ። ሽማግሌው እስክወጣ ድረስ ፊታቸውን ከመስኮቱ አልመለሱም።

ታማራ ወጥ ቤት ሆና ሁሉንም ሰምታለች። ኮቷን ደርባ እስከ ፌርማታው ተከተለችኝ። "በካልሲ?" አለችኝ። "ይሄን ሁሉ ጊዜ በካልሲ ነው የተውከን?"

"አዎ።"

"ብትነግረኝ እኔ እሰፋልህ ነበር።"

"እሱን ነበር የፈራሁት" አልኳት።

ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ ደግሞ ሳቀች፤ ደግሞ ተናደደች። "አንተ የማትችለው ቋንቋችንን አይደለም" አለችኝ። ምን ማለቷ እንደሆነ ያን ቀን የገባኝ መስሎኝ ነበር፤ ዓመታት ካለፉ በኋላ ነው የገባኝ። አንጋጫም ሀደሮም በእርሻ ባለሙያነት ስዘዋወር፣ ትዳር ይዤ ልጅ ስወልድ፣ ባለቤቴ "ምን ሆነሃል?" ስትለኝ "ምንም" ባልኩ ቁጥር ይገባኝ ነበር። የሚጠብቀኝ ሰው አግኝቼ እንኳ ያልተናገርኩ ሰው ነኝ።

ትምህርታችንን ጨርሰን ወደ አገራችን ስንመለስ ባቡር ጣቢያው ጓደኞቻችን ሊሸኙን ወጥተው ነበር። ቬትናሞቹም፣ ኩባዎቹም አሉ፤ አንዱ ጊታር ይዟል። ሙሉጌታ እያንዳንዱን እያቀፈ ያስቃል። ታማራን አልጠበቅኋትም ነበር። ከእናቷ ጋር መጣች። በወረቀት የተጠቀለለ ዳቦና የተቀቀለ እንቁላል ለመንገድ ሰጡን። ሽማግሌው አልመጡም፤ ለመጠየቅም አፌ አልታዘዘኝም። ባቡሩ ሊነሳ ሲል ታማራ በመስኮቱ በኩል ጠጋ አለችኝ።

"አያቴ አልነገሯቸውም" አለችኝ።

"ለማን?"

"ግቢ ላሉት ሽማግሌዎች። ትናንት ኒኮላይ ስለ አንተ ጠይቋቸው ነበር። 'ጴጥሮስ አገሩ ሊገባ ነው፤ እዚያ እንግዳ ሲመጣ ሽማግሌ ሁሉ ተነስቶ ጫማውን ያደርጋል፤ ጥሩ ወግ ነው' ብለው መለሱለት። እኔ አጠገባቸው ቆሜ ነበር። ቀና ብለው እንኳ አላዩኝም።"

ባቡሩ ተንቀሳቀሰ። እጇን መስታወቱ ላይ አድርጋ ትንሽ ተከተለችን፤ ከዚያ መድረኩ አለቀ። ሙሉጌታ ገና እየሳቀ መጥቶ ፊት ለፊቴ ተቀመጠና፣ "ምን አለችህ?" አለኝ። ያን እሑድ ብቻዬን መሄዴን፣ የተናገርኩትን፣ ሽማግሌው የመለሱትን፣ አሁን ደግሞ የነገረችኝን፣ አንድ በአንድ ነገርኩት። በሕይወቱ ቃል ያልጠፋው ሙሉጌታ እስከ ድንበር ድረስ አንድ ቃል አልተናገረም።